ሰማያዊዋ ላም

በዚያች የወንዝ ዳር ከተማ የበጋው ማለቅ የሚታወቀው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በኤርሲሊያ ቤንታንኮር ሹራብ ነበር። በዚያ አገር ቅዝቃዜው በሚጀምርበት በመጋቢት አጋማሽ፣ አንድ ማለዳ፣ ከወንዙ የተነሣው ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት፣ ከቁም ሣጥኑ ግርጌ ቡናማውን የሱፍ ሹራብ ታወጣና ኪሱን ትፈትሻለች። ካለፈው ዓመት የተረሳ ነገር ማግኘት ከወራቱ ደስታዎች የመጀመሪያው ነው፤ አንድ ዓመት የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣ ሌላ ዓመት ጫፉ የተቀረጠፈ እርሳስ። እውነቱን ለመናገር፣ ሹራቡን በጥቅምት አጥፋ ስታስቀምጥ አንድ ነገር ኪሱ ውስጥ የምትተወው ሆን ብላ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ግን በቅንነት ትገረማለች።

ሌሎቹም ደስታዎች ተከትለው ይመጣሉ። ጎረቤቷ ኔልባ ከጓሮዋ መምብሪዮ የተባለውን ጎምዛዛ ፍሬ ለቅማ በትልቅ ድስት ትጥዳለች፤ ነጭ የነበረው ፍሬ ግማሽ ቀን ሲንተከተክ ውሎ ቀይ ማርማላታ ይሆናል፤ መዓዛው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ይደርሳል። በጋውን ሙሉ ደጃፍ ላይ ጥላ ፍለጋ ሲዞሩ የኖሩት ወንበሮች አሁን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ይመልሳሉ። የመንገድ ዳር ዛፎች ቅጠል መጣል ይጀምራሉ። በሚያዝያ የመጀመሪያ ቅዳሜ ደግሞ የከተማዋ ክበብ የቴአትር ቡድን የዓመቱን የመጀመሪያ ተውኔት ያሳያል፤ ከተዋንያኑ ጀርባ የሚዘረጋውን ትልቅ ሸራ የምትስለውም፣ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት፣ ጡረታ የወጣችው የሥዕል መምህርት ኤርሲሊያ ናት።

ሸራው አንድ ነው፤ ሁልጊዜም ያው ነው። ቀለሙ በውሃና በሙጫ የሚበጠበጥ ስለሆነ ሲታጠብ ይለቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀዝቀዝ ያለ እሑድ የክበቡ አባላት ሸራውን እንደ ሬሳ ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ግን እየሳቁ፣ ወንዝ ይወርዳሉ። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ይዘረጉታል፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በመጥረጊያ ይፈትጉታል። ያለፈው ዓመት ቤተ መንግሥት ወይም የወደብ ሜዳ ቀስ እያለ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ኤርሲሊያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሥራዋን መሄድ ማየት ትወድ ነበር። ሥዕል ሲሄድ ቦታ ይለቃል፤ ገና ውሃው ሳይጠራ የሚቀጥለው በሐሳቧ መምጣት ይጀምራል።

ዘንድሮ ግን በወንዙ ዳር ሌላ ነገር ሆነ።

በጥር ወር ሁለቱንም ዓይኖቿን የሞራ ግርዶሽ ተገፍፋ ነበር። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታላት የሆስፒታሉ ግድግዳ ነጭ ሆኖ አየችውና፣ እስካሁን ዓለምን የምታየው በቀጭን ሻይ ውስጥ እንደነበር ገባት። ለሁለት ወር ያህል ነገሩ ሁሉ ደስታ ነበር፤ ቲማቲሙ፣ የፖስታ ቤቱ በር፣ የኔልባ ጥፍር ቀለም። ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ወንዶቹ ያለፈውን ዓመት ሸራ ተጠቅልሎ ከነበረበት ፈትተው በፀሐይ ላይ ዘረጉት።

ሰማዩ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ዓይነት ሰማያዊ ነበር። ባሕር ዛፎቹ ሰማያዊ ነበሩ። ከፊት ለፊት፣ በአጥሩ ሥር፣ አንዲት ወፍራም ሰማያዊ ላም ቆማለች።

“ይሄን የሳለው ማነው?” ብላ ጠየቀች ኤርሲሊያ።

መጥረጊያዎቹ ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ለመመለስ የደፈረው የቡድኑ አዘጋጅ ኤልቢዮ ብቻ ነበር። ኤልቢዮ በሙያው ፀጉር አስተካካይ ሲሆን፣ ከዐርባ ዓመት በፊት በእርሷ ክፍል ውስጥ ባለ አምስት እግር ፈረስ ስሎ የነበረ ሰው ነው።

“እርስዎ ነዎት፣ መምህር።”

“ላሟንም?”

“ላሟንም።”

“ላሟ ሰማያዊ ናት እኮ፣ ኤልቢዮ!”

“አዎ… ደስ የምትል ሰማያዊ።”

“እኔ የሳልኩት ግራጫ ላም ነው! ከመቼ ጀምሮ ነው ነገሩ እንዲህ የሆነው?”

ኤልቢዮ መጥረጊያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። “እንግዲህ… አምስት ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ።”

“አምስት ዓመት! አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አፉን አልከፈተም?”

“እኛ እኮ ጥበብ መስሎን ነው” አለ ኤልቢዮ።

ኔልባ ነገሩን ያበረደች መስሏት ከኋላ ጣልቃ ገባች። “እኔማ ከመልመዴ የተነሣ የጓሮዬን ባሕር ዛፍ ሳየው የታመመ ሊመስለኝ ጀምሮ ነበር።”

ማንም አልሳቀም። ሸራውን አጠቡ። ወንዙ እስከ ጀልባዎቹ ማሰሪያ ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ወረደ፤ ኤርሲሊያም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሏ ሲሄድ ሳትመለከት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ንጹሑ ሸራ በክበቡ መድረክ ላይ ከተሰቀለ ዐሥር ቀን አለፈው። የዘንድሮውን ተውኔት የጻፈው ኤልቢዮ ራሱ ነው፤ ባቡር መምጣት ባቆመበት ጣቢያ ላይ ሁለት እኅትማማቾች ቁጭ ብለው ባቡር ይጠብቃሉ። የሚያስፈልገው ነገር ግልጽ ነበር። የባቡር ሐዲድ፣ ከሐዲዱ ማዶ ሜዳ፣ ከሜዳው በላይ የቅጠል መርገፊያ ወራት ሰማይ። ኤርሲሊያ በየጧቱ መሰላሉ ላይ ትወጣለች፤ ቀለም ትበጠብጣለች፤ በክንድ ስፋት ልክ ትቀባለች፤ ትወርዳለች፤ ከአዳራሹ መጨረሻ ቆማ ታያለች፤ ተመልሳ ታጥበዋለች። ሐኪሙ ዓይንሽ አሁን ትክክል ነው ብሏታል። የድሮውም ዓይን ግን ሁሉን ቢጫ እያየ፣ ሰማያዊ እያስጨመራት፣ ትክክል ነኝ ብሎ ነበር የኖረው።

ከቀለሙ የበለጠ የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ተጨብጭቦላታል። መጋረጃው ሲከፈት ከአዳራሹ የሚወጣው ያ ትልቅ “እህ!” የሚል የአድናቆት ድምፅ የዓመቷ ስንቅ ነበር። አሁን እያንዳንዱን “እህ” እንደሚያጠራጥር ገንዘብ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየው ጀመረች። ስንቱ ለሥዕሉ ነበር? ስንቱስ ለአንዲት ዓይኗ ለደከመ አሮጊት መምህርት?

ሰኞ ዕለት ኤልቢዮ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ መጣ፤ ነጩን ሽርጡን እንኳ አላወለቀም።

“መምህር፣ ቅዳሜ እኮ ነው።”

“አውቃለሁ ቅዳሜ መሆኑን።”

“እኔ ላስቸኩልዎት አይደለም። ግን ፓይሳንዱ ከተማ ውስጥ በፕላስቲክ ላይ ፎቶ የሚያትም ልጅ አለ። የባቡር ጣቢያ ፎቶ እንልክለታለን፣ እሱ በትልቁ አትሞ ዓርብ በአውቶቡስ ይልክልናል። እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ድረስ ግን ልንነግረው ይገባል።”

“ሸራውስ?”

ኤልቢዮ የመሬቱን ጣውላ ተመለከተ። “የባለቤቴ ወንድም ለሽንኩርት ጭነት መኪናው መሸፈኛ ይፈልጋል። ዝናቡ እየመጣ ስለሆነ ነው እንጂ… እርስዎም ያርፉ ነበር፣ መምህር። ሠላሳ አንድ ዓመት ትንሽ ነው እንዴ? የክብር ወንበር እናዘጋጅልዎታለን፣ ከፊት።”

“የክብር ወንበር” አለች ኤርሲሊያ፤ ቃሉን እንደ ጎምዛዛ ፍሬ አላመጠችው። “ሂድ፣ ደንበኛህ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ እየጠበቀህ ይሆናል።”

“ሐሙስ ልምጣ?”

“ሐሙስ ና።”

ረቡዕ ዘነበ። የወራቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነበር፤ ነፋስ የሌለበት፣ ተረጋግቶ የሚወርድ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ዝናብ ሲጥል፣ ማንም ለማንም ሳይናገር፣ በየቤቱ ሊጥ ይቦካል፤ ክብ እየተደረገ መሐሉ ይበሳና በስብ ይጠበሳል፤ ፍሪታ ይሉታል። ዝናብ ሳይኖር ፍሪታ የሚጠብስ ሰው አይጠፋም፤ ግን ጎረቤት አንድ ነገር ደርሶበት ይሆን ብሎ ይጠይቀዋል። ኔልባም ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ በአንድ እጇ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ፍሪታ በብብቷ፣ የሙቅ ውሃ ፔርሙዝ በሌላው ክንዷ፣ ማቴ የተባለውን መራራ ቅጠል የምትጠጣበትን ቅሏን በካፖርት ኪሷ ይዛ ወደ ክበቡ ገባች።

ኤርሲሊያ የአዳራሹን የእንጨት ምድጃ አቀጣጥላ ነበር፤ ለዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ምድጃው የአቧራና የበጋ ሸረሪት ሽታ ይሸታል። እርሷ መሰላሉ ላይ ናት። ሸራው አሁንም ነጭ ነው።

“ውረጂና ብዪ” አለች ኔልባ። “ባዶ ሆድ መሰላል ላይ ቆሞ ሰማይ አይሳልም።”

“አንቺ ተቀመጪ እንጂ እኔ አልወርድም። ወደዚህ አቀብዪኝ።”

“እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ሆነሽ ልትበዪ?”

“እንደ ዶሮ።”

ኔልባ ፍሪታውን አቀበለቻት። ከዚያ ቅሉን በቅጠል ሞልታ፣ ውሃውን በቀስታ አፈሰሰችና የመጀመሪያውን መራራ ማቴ ራሷ ጠጣች፤ ደንቡ ነው፤ የሚቀዳው ሰው የመጀመሪያውን ይጠጣል። ሁለተኛውን ቀድታ ወደ ላይ ዘረጋችላት። ኤርሲሊያ በብር መምጠጫው ሁለት ጊዜ ሳበችና ቅሉን ከቀለም ቆርቆሮዎቹ አጠገብ በመሰላሉ ጠፍጣፋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

“ቅሉን አትያዢብኝ እሺ? የኔ ተራ ይቆማል።”

“ቆይ። ኔልባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና እውነቱን ንገሪኝ።”

“ጀመረች።”

“ያኔ፣ ላሟን ስታዪያት፣ ምን አልሽ? በልብሽ።”

ኔልባ ፍሪታዋን አኝካ እስክትጨርስ ጊዜ ወሰደች። “በልቤ? ይቺ ሴትዮ ዓይኗ ሄዷል አልኩ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርሽ ትተዪው ነበራ!” አለች ኔልባ፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። “ብትተዪው ደግሞ መጋቢት ሲመጣ ምን ልትሠሪ ነው? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የኔን ማርማላታ ልትተቺ? ደግሞ ልንገርሽ፤ ላሟን ወደድኳት። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ወደድኳት። ሁለቱም እውነት ነው።”

ኤርሲሊያ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች፤ እንደ ለመደችው፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ብሩሹን ለማርጠብ እጇን ወደ ቆርቆሮዎቹ ሰደደች። ብሩሹ ወደ ውሃው ቆርቆሮ ሳይሆን ወደ ማቴው ቅል ገባ። አገላበጠችው፤ መምጠጫው ከቅሉ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ጠቅ አለ። ከዚያ በአንድ ረጅም የክንድ እንቅስቃሴ ሸራውን ቀባችው።

“ማቴዬን!” ብላ ጮኸች ኔልባ። “ኤርሲሊያ! በብሩሽ! መምጠጫውን አነቃነቅሽው!”

በዚያ አገር የሰው ማቴ ውስጥ መምጠጫ ማነቃነቅ የሰው ድስት ከፍቶ እንደ ማማሰል ይቆጠራል፤ በቀለም ብሩሽ ያማሰለ ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ስለመኖሩ አልተሰማም። ኤርሲሊያ ደንግጣ በእጅጌዋ ልታብሰው ሞከረች፤ ይልቁን ሰፋ። ነጩ ሸራ ላይ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ አረንጓዴያማ እድፍ ወረደ።

“ይብላኝልሽ፤ ይሄ እድፍ እንደሆነ አይለቅም” አለች ኔልባ፣ ቅሉን ነጥቃ ውስጡን እየመረመረች። “ሠላሳ ዓመት ከገበታ ልብሴ ላይ ስፈትገው አውቀዋለሁ። ይሄው፣ ፀጉር! የብሩሽ ፀጉር!”

ኤርሲሊያ ወርዳ የምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አለቀ ብላ አሰበች፤ ሸራውን ራሷ አበላሽታ ለሽንኩርቱ አመቻቸችው። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣራውን ይመታል። ኔልባ ቅሉን አራግፋ፣ አጥባ፣ በአዲስ ቅጠል ሞላችው፤ እያጉረመረመች ቀዳች፤ እያጉረመረመች ሰጠቻት። ተራ በተራ ጠጡ።

የምድጃው ሙቀት ወደ መድረኩ ይሄድ ነበር። እድፉ መድረቅ ጀመረ። አረንጓዴው ለቀቀና ከዳር በኩል የሆነ ሌላ ነገር ገባ፤ ቢጫ ያልሆነ፣ ቡናማ ያልሆነ፤ ከታች ወፈር፣ ወደ ላይ ሳሳ እያለ የሚጠፋ።

ኤርሲሊያ ቅሉን ያዘችና ሳትጠጣ ቀረች።

“ኔልባ።”

“አሁን ደግሞ ምን?”

“ያን እዪው። እኔ ምን እንደማይ አልነግርሽም። አንቺ የምታዪውን ንገሪኝ። ውሸት ከሆነ አውቅብሻለሁ።”

ኔልባ መነጽሯን አወጣች፤ በቀሚሷ ጠራረገች፤ አደረገችው። ራሷን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘነበለች።

“ከጣቢያው ወዲያ ያለውን ሜዳ ነው የሚመስለው” አለች በመጨረሻ፣ በዝቅታ። “ከሰዓት በኋላ። ልብስ ከገመዱ ላይ ሳወርድ ሹራብ ልልበስ ወይስ አልልበስ የምልባት ሰዓት አለች አይደል? እሷን።”

ኤርሲሊያ ያየችው እርሱኑ ነበር። ያችኑ ሰዓት፣ ያንኑ ሜዳ። የድሮ ዓይኗ ቢሆን ኖሮ በዚህ ላይ ሰማያዊ ይደርብበት ነበር፤ አዲሱ ዓይኗ ግን ተወው አላት፤ የኔልባም ዓይን ተወው አለ።

“ስንት ቅጠል አለሽ?” ብላ ብድግ አለች።

“የምን ቅጠል?”

“የማቴ! የተጠጣ። የምትደፊው።”

“ለጽጌረዳዎቼ ነው እኮ የማደርገው…”

“ጽጌረዳዎችሽ ዓመት ይጠብቁ።”

ከዚያ ወዲያ ኔልባ በዝናቡ መሐል ጃንጥላዋን ይዛ ከቤት ወደ ቤት ስትሄድ ታየች። “ቅጠላችሁን አትድፉ!” ትላለች በየደጃፉ፤ “ለሥዕል ነው!” በዝናብ ቀን ሰው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማቴ ስለሚጠጣ ቅጠል አልጠፋም፤ በየቤቱም አንዳንድ ፍሪታ ስላስያዟት ሳይመሽ አራት ባልዲ የተጠጣ ቅጠልና አንድ ሳህን ሙሉ ፍሪታ ይዛ ተመለሰች። ፀጉር ቤቱን ብቻ ዘላ አልፋው ነበር። ቅጠሉን በምድጃው ላይ አፈሉት፤ ሙጫውን ጨመሩበት። አንድ ጊዜ የቀቡት እንደ ገለባ ነጣ አለ፤ ሁለት ጊዜ የቀቡት እንደ ማር ሆነ፤ አምስት ጊዜ የቀቡት የሐዲዱ ሥር መሬት ሆነ። ለሐዲዱ ራሱ ኤርሲሊያ ከምድጃው ከሰል አወጣች። እጇ እየፈጠነ ሄደ። ማሰብ ሳትጀምር እጇ የሚያውቃቸው ነገሮች ነበሩ፤ የአጥር እንጨት እንዴት ያዘነብላል፣ ሣር በነፋስ ወዴት ይተኛል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ኤልቢዮ ሽርጡን እንደ ለበሰ ገባ። ስልኩን በእጁ ይዟል። ከአዳራሹ በር ላይ ቆመ።

ኤርሲሊያ ከመሰላሉ ሳትዞር፣ “እውነቱን ካልነገርከኝ ከዚህ አልወርድም፤ እዚሁ እሞታለሁ፤ ተውኔትህንም አበላሸዋለሁ” አለችው።

ኤልቢዮ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ አሸተተ።

“ማቴ ማቴ ይሸታል” አለ።

“ስለ ሽታው አልጠየቅኩህም።”

ወደ መድረኩ ጥቂት ቀረበ። ሁለቱ እኅትማማቾች የሚቀመጡባት አግዳሚ ወንበር ቦታዋ ላይ ነበረች፤ እርሷን አየ፣ ሜዳውን አየ። ስልኩን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ጨመረው፤ ይህንንም ማድረጉን ያወቀ አይመስልም ነበር።

“ስጽፈው የነበረው ይሄንን ነው” አለ። “ሰዓቱን። ሰዓቱን በቃል መጻፍ አቅቶኝ ነበር።” ከዚያ አንገቱ ሥር እየቀላ ሄደ። “ግን… መምህር…”

“ግን ምን?”

“በግራ በኩል ያለው ዛፍ ጥሩ አይደለም።”

ኔልባ ከምድጃው አጠገብ ብድግ አለች። ኤርሲሊያ መሰላሉ ላይ ቀስ ብላ ዞረች፤ በሁለት አዳዲስ ዓይኖቿ ዛፉን ተመለከተችው። ግንዱ ድፍን ነው፤ ቅርንጫፎቹ እንደ ሹካ ቆመዋል። በጣም መጥፎ ዛፍ ነበር።

“ምኑ ነው ጥሩ ያልሆነው?” አለች፤ መልሱን እያወቀች፣ መስማት ስለፈለገች ብቻ።

“እንደ ኔ ፈረስ ነው” አለ ኤልቢዮ። “አንድ እግር ተርፎታል።”

ኤርሲሊያ ሳቀች። መሰላሉ እስኪነቃነቅ፣ ኔልባ እግሩን ሮጣ እስክትይዘው ድረስ ሳቀች። በአምስት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዋ የተነገራት የመጀመሪያው ክፉ ቃል ነበር፤ ጣፈጣት። ወርዳ ባልዲውን አነሣች፤ ዛፉን ራሷ፣ በከሰል የተሳለ ነበርና ግንዱንም ሹካውንም፣ ታጥቦ እስኪሄድ ፈተገችው። ኤልቢዮም ወደ ፓይሳንዱ ደውሎ ልጁን ይቅርታ ጠየቀ፤ ለባለቤቱ ወንድም ሌላ መሸፈኛ ፈልግ ብሎ መልእክት ላከ።

ቅዳሜ ምሽት መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹ “እህ!” አላለም። ለአንድ አፍታ ዝም አለ፤ ሰው ሁሉ ሹራቡን ወደ ደረቱ ሰብሰብ ሲያደርግ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ኤርሲሊያ የክብር ወንበር አልፈለገችም፤ ከኔልባ ጋር ከኋላ ረድፍ ተቀምጣለች። እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከትታ አንዲት የከሰል ቁራጭ ትዳስሳለች፤ ለሚቀጥለው ዓመት እዚያው ልትረሳት ወስናለች።

በዚያ ዝምታ መካከል ከፊት በኩል የሆነ ሰው ጣቱን ዘረጋ፤ ሌላውም አየ፤ ሳቅ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተሻገረ፤ ጭብጨባም ተከተለው። በሸራው ግራ በኩል፣ መጥፎው ዛፍ በነበረበት ቦታ፣ ከሜዳው ሁሉ ርቃ፣ ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት ላም ቆማለች። ሰማያዊ ናት።

ኔልባ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። “ምነው ኤርሲሊያ፣ ዓይንሽ ተመልሶ ሄደ እንዴ?”

“ዝም በዪና ተውኔቱን እዪ” አለች ኤርሲሊያ። “ይቺኛዋን አውቄ ነው።”